አዲስ ጫማ ስናስረጅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አለበሰኝ፤ አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማም ጨመረልኝ። ጫማው አዲስ ነው፤ ፊት ያሳያል። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔ ገልብጬ ሶሉን አየሁ፤ ከዚያ ቆዳውን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን እያደረግሁ የት ቦታ ላይ እንደሚሰበር ፈለግሁ። ቤት ስገባ ልጄ «እማዬ፣ ለምን አትለኪውም?» ብትለኝ እጄ ቀድሞኝ መሳቢያ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት ይፈልግ ነበር። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት አዲስ ነገር ሳበላሽ ነው፤ ለዚያውም ደመወዝ እየተከፈለኝ።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ዛሬም ይቸግረኛል። የቲያትር ልብስና ጫማ አዘጋጅ ነበርኩ። መድረክ ላይ የድሮ ሰው ወጥቶ ጫማው ትናንት ከሱቅ የተገዛ ከሆነ፣ ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ባያውቅም ልቡ አይቀበለውም። ስለዚህ አዲሱን ጫማ ወስደን ዕድሜ እንጨምርበታለን። ሰው በረሃ ለበረሃ አምስት ዓመት ተንከራትቶ የሚያመጣውን ጫማ እኛ በአንድ ሳምንት እናደርሰዋለን። በኋላ ጎንደር ተዛውሬ የነገሥታት ጫማም የወታደር ጫማም አስረጅቻለሁ፤ ሥራውን የተማርኩት ግን ደባርቅ ላይ ነው፤ ያስተማሩኝም አያ ጥጋቡ ናቸው። ስለ ሥራ ዘመንሽ ንገሪን የሚለኝ ሰው ሲመጣ ሐሳቤ ወደ ሌላ አይሄድልኝም። ዓይኔን ጨፍኜ የደባርቅን ጉም አያለሁ።

የዳባት ልጅ ነኝ። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ዳባት ላይ የልብስ ስፌት ማኅበር ሲቋቋም መኪና መርገጥ ተማርኩ። ከዚያ ደባርቅ ላይ የኪነት ቡድን ተቋቋመና ሰፊ ሲፈለግ እኔን ላኩኝ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ እኔ ግን ከእናቴ ቤት ወጥቼ በራሴ ቁልፍ በር መክፈቴ ብቻ ያስፈነድቀኝ ነበር። የበላያችን አንድ ካድሬ ነበሩ። ሁሉን ሰው «ጓድ» ይላሉ፤ አንድ ቀን የቀበሌውን ስብሰባ ሊባርኩ የመጡትን ቄስ «ጓድ ቄስ» ቢሏቸው ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» አሏቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጮኸው ካልተናገሩ የሠሩ አይመስላቸውም እንጂ።

ቲያትሩን የጻፉትና የሚያዘጋጁት መምህር ሰሎሞን የሚባሉ አስተማሪ ነበሩ። ታሪኩ በጣልያን ጊዜ በእኛው ተራራና በቆላው የተዋጉ አርበኞች ነው። የአርበኞቹ አለቃ ከጠላት የማረከውን ቡትስ ጫማ ተጫምቶ ይወጣል። አለቃውን የሚጫወተው ሞላ ነው፤ ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቶ ክንዱን ቆስሎ የተመለሰ፣ ቁመቱ ከበር የማይገባ፣ ሳቂታ ሰው። ካድሬው ከጦር ሰፈር አንድ ጥንድ አዲስ ከስክስ አስመጡልን። ሞላ ተጫምቶት ብቅ ሲል ልምምድ ያየነው ሁሉ በሳቅ ፈረስን፤ አርበኛ ሳይሆን ለሠርጉ የለበሰ ሙሽራ ነው የሚመስለው። መምህር ሰሎሞንም ሳቁና ጫማውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አንጓች፣ ይህን ጫማ አምስት ዓመት በረሃ አዙረሽ አምጪልኝ» አሉኝ።

እኔ ጨርቅ እንጂ ቆዳ አላውቅም። ደባርቅ ላይ ቆዳ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንድ ነው። አያ ጥጋቡ ከከተማው በታች ወንዙ ዳር ቆዳ ይፍቃሉ፣ ኮርቻ ይሰፋሉ፣ ጫማ ይጠግናሉ። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ኮርቻውን እርሳቸው ዘንድ ይወስዳል፤ በእርሳቸው ዋንጫ ግን የሚጠጣ የለም። «ፋቂ» ይሏቸዋል፤ ሲብስ «ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል» ይላሉ። የደርግ አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ ከልክሏል። ካድሬውም በስብሰባ ላይ ሁላችንም እኩል ነን ብለው ጠረጴዛ ደብድበዋል፤ አያ ጥጋቡ ቤት ሲሄዱ ግን ጠላ ቢቀርብላቸው ጨጓራዬን ያመኛል ይሉ ነበር። እናቴም ከዳባት «እደጁ ቁሚ እንጂ እንዳትቀምሽ» ብላ ልካብኛለች።

መጀመሪያ ቀን ደጃቸው ቆሜ «አያ ጥጋቡ፣ እንደምን ዋሉ?» ስላቸው ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። ማንን አንቱ እንዳልኩ ሊያዩ ነው። ማንም የለም።

«እኔን ነው?» አሉ።

«እርስዎን ነዋ።»

ከበሩ ፈቀቅ ብለው «ግቢ እንግዲያ» አሉኝ። ገባሁ፤ ሲያቀርቡልኝም ጠጣሁ። ጠላቸው ጥሩ ጠላ ነበር።

የአያ ጥጋቡን አሠራር ዛሬ እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ጫማ ሲሰጧቸው አስቀድመው ያሸቱታል። ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከትተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የውስጡን ሳያውቁ ውጭውን አይነኩም። ከስክሱን እንዲህ አድርገው ሲጨርሱ «ሰውየው ማነው?» አሉኝ።

«አርበኛ ነው።»

«አርበኛማ ስንቱ! ጠመንጃውን በየትኛው ትከሻው ነው የሚያነግት? ሽቅብ ነው ቁልቁል የሚበዛበት? በቅሎ አለው ወይስ እግረኛ ነው?»

እኔ ምን አውቄ! መድረክ ላይ ወጥቶ የሚፎክር ሰው ነው እንጂ በየት ትከሻው እንደሚያነግት ማን አስቦት። አያ ጥጋቡ ግን መልስ ካላገኙ ሞረድ አያነሱም። «ልጄ፣ ጫማ በመንገድ ነው የሚያረጅ እንጅ በእድፍ አይደለም» ይላሉ። ጭቃ ቀብተሽ ብታመጭው ቆሻሻ አዲስ ጫማ ነው፤ ያረጀ አይደለም። ቁልቁል የሚኖር ሰው የጫማው አፍንጫ ይጨማደዳል፤ ሽቅብ የሚኖር ተረከዙ ይድናል፣ ፊቱ ያልቃል። በቅሎ የሚጋልብ የውስጥ ጎኑ ከበቅሎዋ ላብ ይጠቁራል። በቀኝ ትከሻው የሚሸከም የቀኝ ጫማው ቀድሞ ይሰፋል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ከቤታቸው ወለል ላይ ሳይሆን እውነተኛ ዳገት ላይ የቆሙ ይመስል እግራቸው ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ ሥራው ይመጣል። መጀመሪያ ጫማውን በእንዶድ አጥበን የፋብሪካውን ቀለምና ቅባት እናወጣለን። ቀጥሎ በራሰ ባቄላ እንሞላዋለን፤ ባቄላው ሲያብጥ ቆዳው የጣት ጉልጥምት ያወጣል። ከዚያ በፀሐይ ማድረቅ፣ ማጠፍ፣ እንደገና ማርጠብ። ሶሉን በሞረድ፣ ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት እንፈቀፍቃለን። የጨው ውሃ ስናስነካው ላብ ደርቆ የሚተወው ዓይነት ነጭ መስመር ይቀራል። በአተላ ስንለቀልቀው የቀረችውም ብልጭታ ትሞታለች። ጥላሸቱ የመጨረሻ ነው፤ እሱም ጥቂት። አያ ጥጋቡ «ጥላሸት የሰነፍ ነው» ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወንዙን ይዞ ይመጣና ቤቱን ይውጠዋል። በሩ ክፍት ነው፤ ውጭው ነጭ ነው፤ የሚሰማው የሞረዱ ድምፅ ብቻ። እንደዚያ ባለ ቀን አንድ ጊዜ «አያ ጥጋቡ፣ ይህን ሁሉ አረማመድ ከየት አወቁት?» አልኳቸው። ሞረዱን አስቀመጡ።

«አንድ ሰው ነው ያስተማረኝ» አሉ። «ፊቱን ረስቸዋለሁ። ጫማውን አልረሳሁም።»

ሰውየው አምባራስ ከሚባለው የተራራ መንደር የነበሩት ባላምባራስ ታረቀኝ ናቸው። በጣልያን ጊዜ አያ ጥጋቡ ገና ጎረምሳ ሳሉ የባላምባራስን ጦር ተከትለው ዝናርና ጫማ እየጠገኑ ዘምተዋል። ባላምባራስ በልጅነታቸው ከገደል ወድቀው ግራ እግራቸው ተሰብሮ ጠሞ ነው የዳነው። ሲራመዱ የግራ ጣታቸው ወደ ውጭ ያያል፤ የግራ ተረከዛቸው በውስጥ በኩል ያልቃል፤ ቀኛቸው ደግሞ በጣቱ በኩል ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል። ከጣልያን የማረኩትን ቡትስ አያ ጥጋቡ ደጋግመው ጠግነውታል። ቆላ ወርደው ከአዲ አርቃይ ወዲያ ሳሉ ባላምባራስ ንዳድ ያዛቸው። ሌላው ሰው ተበትኖ ነበር። አብረዋቸው የነበሩት አያ ጥጋቡ ብቻ ናቸው፤ የቀበሯቸውም እርሳቸው ናቸው።

«ጠላት ሲወጣ መርዶውን ይዤ አምባራስ ወጣሁ» አሉኝ። «ወንድማቸው ካጥሩ በር ላይ ቆመ። ‹ፋቂ ደግሞ መርዶ ነጋሪ ሆነ? ወንድሜን በልተኸው መጣህ?› አለኝ። ውሻ ለቀቀብኝ። እሜቴ ውባለም ከውስጥ ነበሩ፣ የባላምባራስ ሚስት። አልሰሙም።»

ከዚያ ወዲያ «ባላምባራስ ሱዳን ገብተዋል» የሚል ወሬ መጣ፤ ቤተ ሰቡም እሱን ያዘ። እሜቴ ውባለም ይኸው እስከዚያን ቀን ድረስ ይጠብቃሉ። ከአምባራስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያወራዋል፤ ሰው ጠይቋቸው አላገቡም፤ ነጠላቸውንም ለሐዘን አላዘቀዘቁም። ተዝካር የለ፣ ፍታት የለ። ወንድምየው እንኳ ከሞተ ቆይቷል፤ ባላምባራስ ግን በአገሩ ዘንድ ገና ከመንገድ ናቸው።

እኔ ወጣት ነኝ፤ ደሜ ፈላ። «እኔ ሄጄ ልንገራቸው!» አልኩ።

«ከማን ሰማሽ ሲሉሽ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «ከፋቂው ትያለሽ። ‹አላልንም፣ እሱ ነው የበላው› ይላሉ። መርዶም ለራሱ ሥርዓት አለው ልጄ። ከደጅ ቆሞ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው የሚነገር። በገበያ ከተነገረ ሟርት ነው። እኔን ደግሞ ከደጅ መልሰውኛል።»

ሞረዱን አነሡ። እኔ ዕንባዬ መጣ፤ እርሳቸው ግን ተረከዙን እንዳልስተው ተቆጡኝ።

የመጀመሪያውን ጫማ በአብዛኛው የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንዲያው የማንም ያልሆነ አርበኛ አድርጌ። ሲያልቅ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የደባርቅ ውርጭ ያደረበት ቆዳ ላይ ስስ ስስ ስንጥቅ እንደሚያወጣ አይቼ ነበርና እሱን ፈለግሁ። አያ ጥጋቡ ብዙ ጊዜ «ቆዳ ውጭ አታሳድሪ» ብለውኛል። ምክንያቱን አልጠየቅሁም፤ ሌባ ፈርተው መሰለኝ። ቆዳው እንዳይገነጠል ሞራ በደንብ አድርጌ ቀባሁትና ከኪነት ግቢው አጥር ላይ ሰቅዬው ገባሁ።

ጠዋት ስወጣ አጥሩ ሥር አንድ የተጋጠ ሶል፣ ጥቂት የማሰሪያ ቀለበትና የጅብ ዱካ አገኘሁ።

ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ካድሬው «የአብዮቱን ንብረት ለጅብ!» ብለው ግቢውን አናወጡት። መምህር ሰሎሞን ሊያበርዱልኝ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኛው ደግሞ ሳይጠይቅ አነጠፍንለት፣ ያውም በሞራ አሽተን» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ካድሬው የመጀመሪያው ትዕይንት ቅዳሜ ለገበያተኛ እንደሚታይ ተናግረዋል፤ የጦር ሰፈሩም ሁለተኛ ከስክስ አይሰጥም። «ጓድ አንጓች፣ እስከ ቅዳሜ ጫማ ከሌለ ወደ ዳባትሽ» አሉኝ። የእናቴ ቤት በር ታየኝ።

ያዳነኝ ሞላ ነው። ቤቱ ሄዶ ከዘመቻ ይዞት የተመለሰውን የራሱን ከስክስ አመጣ። ወዶት የሚያስቀምጠው፣ ለክት ብቻ የሚያደርገው ጫማ ነው። «ዳባት ሄደሽ ማን ልብሴን ይሰፋልኛል?» አለና እጄ ላይ አስቀመጠው። ይህን ደግነቱን እስከዛሬ አልረሳሁለትም።

ጫማውን ይዤ ወደ አያ ጥጋቡ ሮጥኩ። ስለ ጅቡ ስነግራቸው አልተቆጡኝም፤ «እንግዲህ ለምን እንዳልኩሽ አወቅሽ» ብቻ አሉ። ከስክሱን አሸተቱ፣ እጃቸውን ከተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሰውየው ማነው?» አላሉኝም። አዲስ ሰው የሚታሰብበት ጊዜ አልነበረም፤ እጃቸው የሚያውቀውን ሰው ይዞ ሄደ። የግራውን ተረከዝ በውስጥ በኩል ሲሞርዱ ሳይ ማን እንደሆነ ገባኝ። የቀኙን ጣት አሳሱት። ከግራው ሶል ውስጥ በውጭው ጎን በኩል አንዲት ስስ የቆዳ ቁራጭ ሰፉበት። ቁራጯ እግሩን ወደ ውስጥ ታዘነብለዋለች።

ዓርብ ሞላ ሊለካ መጣ። ተጫማው፣ ተነሣ፣ ጥቂት ተራመደ። የግራ ጣቱ ወደ ውጭ ዞረ። «ምን አደረጋችሁኝ?» ብሎ እየሳቀ ቀጥ ለማለት ቢሞክር ጫማው እምቢ አለው። ተረከዙ እየመራው፣ ቀኙን ጠበቅ እያደረገ፣ ከበሩ እስከ ወንዙ ሄዶ ተመለሰ። አያ ጥጋቡ ቀና ብለው ሲያዩት ቆዩና ብድግ ብለው ከቤቱ ጀርባ ሄዱ። እስኪመለሱ ጠበቅን። ሲመጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ የእንዶዱ አረፋ ገብቶብኝ ነው አሉ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አማረ። ካድሬው ራሳቸው አጨበጨቡ። እኔ ግን ደስታው አልዋጥልኝ አለ። አንድ ሰው ያንን አረማመድ ቢያይ ያውቀዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ያለው አምባራስ ነው። ለአያ ጥጋቡ ሳልነግር አንዲት ከአምባራስ ገብስ ይዛ የመጣች ሴት ፈልጌ «ለእሜቴ ውባለም ንገሪልኝ፤ የባላምባራስን ዘመን የሚያሳይ ጨዋታ ደባርቅ ላይ አለ፣ ይምጡና ይዩት» አልኳት። ስለ ሞት ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እናት የሚሆኑ ሴት ላይ ምን እየሠራሁ ነው? ሟርቱ በእኔ ላይ ቢሆንስ? አያ ጥጋቡን በላው ቢሏቸውስ? ጉዳዩ ለእኔ ጫማ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ አልመጡም። በሦስተኛው መጡ።

የምናሳየው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። ሰዉ ከገበያው ከነአህያው መጥቶ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ከፊት በኩል ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን በደንቡ የለበሱ አሮጊት በምርኩዝ ተደግፈው ቆመዋል። ተቀመጡ ቢሏቸው እምቢ ብለዋል። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋቸው። ትዕይንቱ መሃል ላይ ሲደርስ ጉሙ መጣ። ሜዳውን ሞላው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ያሉት ተዋናዮች እንኳ ጥላ ብቻ ሆኑ። ሞላ በዚያ ጉም ውስጥ ከሩቅ ብቅ አለ። ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው የሰውነቱ ጥላና አረማመዱ ነው። ግራው ወደ ውጭ፣ ቀኙ ጠበቅ።

እሜቴ ውባለም አልጮኹም። ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ወደ መድረኩ ሄዱ። ሞላ የሚለውን ረስቶ ቆመ።

«ወዲያ ሂድ» አሉት።

ሄደ።

«አሁን ተመለስ።»

ተመለሰ። ሜዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። በምርኩዛቸው ጫፍ የግራ ተረከዙን ነካ አደረጉ። «ልጄ፣ ይህ ያንተ አረማመድ ነው?»

«አይደለም እሜቴ። የጫማው ነው።»

«ጫማውሳ የማነው?»

«የኔ ነው» አለ ሞላ፤ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

እኔ ከመጋረጃው ወጣሁ። «እሜቴ፣ ጫማውን ያስረጀነው እኛ ነን። የሞላ የክት ጫማ ነበር። የባላምባራስ አይደለም» አልኳቸው። መዋሸት አልቻልኩም።

«እሱንማ አያለሁ። ዓይኔ አልፈዘዘም» አሉኝ። «ጫማውን ሠራችሁት። አረማመዱን ማን ነገራችሁ?»

አያ ጥጋቡን ልጠራም ልደብቅም አልቻልኩም። እርሳቸው ግን ጫማው ቢላቀቅ ሊጠግኑ ከሚቀመጡበት ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ እሜቴ» አሉ።

ከሰዉ መሃል «ፋቂው ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። እሜቴ ውባለም ወደዚያ አላዩም።

«አየኻቸው?»

«አየኋቸው እሜቴ።»

«መጨረሻቸውን?»

አያ ጥጋቡ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እሜቴ እጃቸውን አነሡ። «ዝም በል። መርዶ በሜዳ አይነገርም። ደጄን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ መጥቸ ነበር።»

እሜቴ ውባለም ይህን ሲሰሙ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ተመለከቷቸው። በመጨረሻም «እንግዲያው መንገዱ አይጠፋህም» አሉ።

ካድሬው ትዕይንቱ ይቀጥል ሊሉ ተነሥተው ነበር፤ መምህር ሰሎሞን ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ሞላ እዚያው ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ከስክሱን ፈታና ለእሜቴ በሁለት እጁ ሰጠ። በኮንጎ ጫማ ወደ ቤቱ ገባ፤ ከዚያም ወዲያ መልሱልኝ አላለም።

እኔም አብሬ ወጣሁ። በሳንቃበር በኩል ነው መንገዱ፤ አዳር አለው። አያ ጥጋቡ ከፊት፣ እሜቴ ከኋላቸው፣ ጫማው በበቅሎዋ ኮርቻ ላይ ታስሯል። እሜቴ ውባለም ጠብታ ዕንባ አላወጡም፤ ነጠላቸውም አልተዘቀዘቀም። መርዶው አልተነገረማ! ስለ ገብሱ ያወራሉ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ከእርሻ እንዴት እንደሚያስቸግር ያወራሉ። ጉሙ ሲከፈት ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በየዳገቱ ቆሞ ይታያል፤ ሲዘጋ የበቅሎዋ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ከእኔ ሌላ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም፤ እኔም ወደ ኋላ ቀርቼ ነው ያለቀስኩት።

አምባራስ ስንደርስ ሥርዓቱ እንደ ሥርዓቱ ሆነ። እሜቴ ቤታቸው ገብተው ምንም እንዳልሰማ ሰው በር ዘጉ። እኛ ጎረቤት አደርን። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባታቸው ከአጥሩ በር ላይ ተሰበሰቡ፤ አያ ጥጋቡን ከፊት አቆሙ። ወደ ቤቱ ዞረው ጮኹ።

«እሜቴ ውባለም! ባላምባራስ ታረቀኝ ዐርፈዋል። ቆላ ላይ በንዳድ ዐርፈዋል። የቀበርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥጋቡ ነኝ።»

በሩ ተከፈተ። ያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ጩኸት እንዴት እንደነበር ልጽፈው አልችልም። እሜቴ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ መንደሩ ተሰበሰበ፤ ከስክሱን ከባላምባራስ ካባ ጋር ከመሃል አስቀምጠው አለቀሱበት። የማንም ይሁን፣ ያን ዕለት የባላምባራስ ነበር። አያ ጥጋቡ ግን ከአጥሩ ውጭ እንደቆሙ ናቸው። ግቡ ያላቸው የለም፤ እርሳቸውም እግራቸውን አላነሡም።

ልቅሶው በረድ ሲል እሜቴ ውባለም ወደ አጥሩ መጡ። «ጫማቸውን እንደተጫሙ ነው የቀበርካቸው?» አሏቸው።

«የለም እሜቴ። አውልቄ፣ እግራቸውን አጥቤ ነው።»

«በምን ውሃ? ያ በረሃ አይደለም?»

«በኮዳዬ የያዝኳት ጥቂት ነበረችኝ» አሉ አያ ጥጋቡ።

እሜቴ ተመልሰው ገቡ። ሲወጡ በገበቴ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ይዘዋል። ገረድ ልትቀበላቸው ብትሮጥ አልሰጧትም። የአጥሩን በር በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱትና አያ ጥጋቡ ፊት ተንበረከኩ።

«እሜቴ፣ ኧረ በእመብርሃን! ሰው ያያል!»

«ይይ» አሉ። «ከሩቅ የመጣ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አይገባም።»

በረባሶውን ራሳቸው ፈቱላቸው። ግራውን አጠቡ፤ ቀኙን አጠቡ፤ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት። ከዚያ እጃቸውን ይዘው አስነሥተው ወደ ቤት አስገቧቸው።